እሳት ካርታ አይጠይቅም

በእትዬ ዘሃራ ለቅሶ ላይ ሰው ይስቅ ነበር።

ማረፋቸውን የነገረኝ ዳቦ ጋጋሪው ሽኩር ነው። ስልክ ደውሎ፣ «እትዬ ሄዱብን» አለኝ። እኔ ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ጎረቤታቸው ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «እዚህ ሰፈር የገባሁ ዕለት እኮ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ፣ ‘ስቶቭሽ ያፈስሳል ወይ?’ ነው ያሉኝ» ስትል ለቀስተኛው ሳቁን መያዝ አቃተው። ሼሁ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሌላዋ ጀመረች፤ ከዚያ ሌላው። እኔም ተራዬ ሲደርስ የማውቀውን ተናገርኩ። እዚያ ያልጨረስኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

እኔና እትዬ ዘሃራን ያስተዋወቀን ደብዳቤ ነው። ደርግ ሥልጣን በያዘበት ሰሞን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ኦሎምፒያ አጠገብ በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። አንድ ቀን የቁጥጥር ክፍል ሹማችን አቶ ደምሴ በእጃቸው የሞነጫጨሩትን ወረቀት ሰጡኝና በእንግሊዝኛ ተየብኩት። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ወይዘሮ ዘሃራ ይማም ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያላቸው የኪራይ ቤት ለሱቅና ለመኖሪያ ተብሎ ተመዝግቦ ሳለ፣ በአንዱ ክፍል የእንጨት ምድጃ ያለው ዳቦ ቤት ተከፍቶበት ስለተገኘ የእሳት ኢንሹራንሱ ተሰርዟል። ስለማላውቃቸው ሴትዮ ብዙም አላሰብኩም። ፖስታውን አሸግኩና ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ቀጭን፣ ረጅም ሴት፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዙ ቢሯችን ገቡ። ደብዳቤውን ከፍ አድርገው ያዙት።

«ይችን የጻፈ ማነው?»

ባልደረቦቼ በሙሉ ወደ እኔ ጠቆሙ።

«አንቺ ነሽ?»

«የተየብኩት እኔ ነኝ እንጂ... የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።»

«ጽሕፈትሽስ ቆንጆ ነው» አሉኝ። «ፊርማው ነው ያላማረኝ። ሰውዬው ሲፈርም እጁ ተንቀጥቅጧል። ያላመነበትን ነው የፈረመው። በይ እሱ ጋ ውሰጂኝ።»

አቶ ደምሴ ጋ አስገባኋቸው። ልወጣ ስል «አንቺ ቁጭ በይ፤ የተባባልነውን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልገኛል» አሉ። የሰውዬውን ፈቃድ እንኳ አልጠየቁም።

ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። በአሰብ መንገድ መኪናቸው ተገልብጦ ሲሞቱ፣ ለመኪናው የተከፈለው የኢንሹራንስ ገንዘብ ነው የቤቱ መሠረት የሆነው፤ የጎደለውን ከባንክ ተበድረው ጨረሱት። ይህን ሁሉ ከነገሩ በኋላ፣ «እንግዲህ ይኸ ቤት ከናንተ ወረቀት ነው የተወለደው» አሉ። «ዛሬ እናቱ ካደችው ማለት ነው?»

አቶ ደምሴ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ከደንብ ንቅንቅ አይሉም። «ወይዘሮ ዘሃራ፣ ያልተመዘገበ እሳት ያለበትን ቤት ኩባንያው አይቀበልም።»

«እሳት የሌለበትስ ቤት፣ ቤት ይባላል?»

«ዳቦ ቤቱን ያስወጡት። ነገውኑ ውሉን አድስልዎታለሁ።»

እትዬ ዘሃራ ሳቁ። ሲስቁ የወርቅ ጥርሳቸው ብልጭ ይላል። «ሽኩርን? አቶ ደምሴ፣ ሽኩር እኮ ሲነጋ ሰፈሩን በሙሉ የሚያበላ ሰው ነው። አራት ልጆች አሉት። እሱን አውጥቼ ቤቴን ከእሳት ባድን፣ እኔን ከሰው ዓይን ማን ያድነኛል? ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ምድጃው ምን ቢሆን ነው የሚያምኑኝ? ይንገሩኝና ይችው ልጅ ትጻፍልኝ።»

አቶ ደምሴ፣ ሴትዮዋን ለመሸኘት ይመስለኛል፣ ሰባት ነገር ዘረዘሩ። በዳቦ ቤቱና በጎረቤቱ ክፍል መካከል ያለው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ፈርሶ በብሎኬት ይሠራ፤ ጭስ ማውጫው ከጣሪያው በላይ ከፍ ይበል፤ ማገዶው ከቤት ውጭ ይቀመጥ፤ የአሸዋ በርሜል ይዘጋጅ፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ይለወጥ... እያሉ ቀጠሉ። በአማርኛ ተይቤ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ጡታቸው ሥር ሸጎጡና፣ «ትርሲትዬ፣ ቅዳሜ ነይ። ያን የእንግሊዝኛ ውላችሁን ታነቢልኛለሽ» ብለውኝ ወጡ። ስሜን ከየት እንዳገኙት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ሄድኩ። ቤቱ መንገዱን ይዞ የተሠራ የብሎኬት ቤት ነው። ሽኩር ዳቦ ይጋግራል፤ ከጎኑ አልማዝ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፤ የቀሩት ሁለት ክፍሎች ሱቅ ናቸው። እትዬ ዘሃራ ራሳቸው ከጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ። ሽኩር ትኩስ ዳቦ ይዞ መጣ፤ እኔም ውሉን እያነበብኩ መተርጎም ጀመርኩ። ኩባንያው የማይከፍልባቸው አደጋዎች የሚለው ጋ ደረስኩ።

«የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጦርነት፣ አመጽ፣ የሕዝብ ነውጥ፣ መንግሥት ንብረት ሲወስድ...»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ታዲያ በዚህ ዘመን ከነዚህ ሌላ ምን ሊመጣ ነው?»

የሽኩር ዳቦ ጉሮሮው ላይ ቀረ። እኔም ሳቅኩ፤ በልቤ ግን ደነገጥኩ። ውሉን ብዙ ጊዜ ተይቤዋለሁ፤ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ ባንኩ ጻፈላቸው። ኢንሹራንስ የሌለውን ቤት በመያዣነት አላቆይም፣ በሁለት ወር ውስጥ የኢንሹራንስ ወረቀት ካልቀረበ ቤቱን በሐራጅ እሸጣለሁ የሚል ነው። ይህንንም ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። መደንገጤን አዩና፣ «አብሽሪ» አሉኝ። አብሽሪ፣ አብሽር፤ የወሎ ሰው አይዞሽ፣ አይዞህ ሲል ነው። እትዬ ዘሃራ ይችን ቃል ለሰውም፣ ለድመትም፣ አልነሳ ላለ መኪናም ይሏት ነበር።

ወሬው ሰፈሩን ሞላው። ዘመድ ጎረቤቱ እየመጣ «ዳቦ ጋጋሪውን አስወጪ» ይላቸዋል። አንድ ቀን ሽኩር ራሱ የመጋገሪያ ሳንቃዎቹን በገመድ አስሮ መጣ።

«እትዬ፣ እኔ ልውጣና ቤትዎ ይዳን።»

«የት ልትሄድ?»

«አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል። እኔ የምጠይቀው አንተን ነው። አታውቅም አይደል? በል ሳንቃህን ፍታ። ጧት ዱቄት ታቦካለህ፣ ከሰዓት ሲሚንቶ።»

እንዳሉትም ሆነ። ግንበኛ አንድ ብቻ ቀጠሩ፤ የቀረውን ተከራዮቹ ሠሩት። ሽኩር ያቦካል፣ ባለሱቆቹ አሸዋ ይነፋሉ፣ አልማዝ የልብስ መኪናዋን ትታ ብሎኬት ትሸከማለች። እኔም ቅዳሜ ከሰዓት እየሄድኩ ውኃ እቀዳ ነበር። እትዬ ዘሃራ ጃንጥላቸውን ይዘው ከወረቀቱ ላይ የተሠራውን በከሰል ይሰርዛሉ። ማገዶው ወጣ፤ የአሸዋ በርሜሎቹ ተደረደሩ፤ ሽቦው ተለወጠ። ግድግዳው እስከ ወገብ ደረሰ። ጭስ ማውጫው ብቻ፣ ቆርቆሮ ሠሪው ዛሬ ነገ እያለ፣ ሳይነካ ቀረ።

እሳቱ የመጣው በእሱ በኩል ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በአሮጌው ጭስ ማውጫ ውስጥ የተጋገረው ጥቀርሻ ተቀጣጥሎ ኮርኒሱን ያዘ። ግድግዳው ገና ስላልተዘጋ ነበልባሉ ከላይ ተሻግሮ አልማዝ ክፍል ገባ። ሰፈሩ በሙሉ በአሸዋና በውኃ ተረባርቦ አጠፋው። ሰው አልተጎዳም። እኔ በምሳ ሰዓት ሰምቼ እየሮጥኩ ደረስኩ። የሁለቱ ክፍሎች ኮርኒስ ከስሏል፤ ቆርቆሮው ተጣሟል። እትዬ ዘሃራ ፊታቸው ጥላሸት መስሎ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። እንዲያ አቀርቅረው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ትርሲት» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ኢንሹራንሱ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ለናንተ ነግሬ እተኛ ነበር። አሁን ለማን ልንገር?»

ያን ደብዳቤ የተየቡትን ጣቶቼን ኪሴ ውስጥ ደበቅኩ።

ከውስጥ የአልማዝ ለቅሶ ተሰማ። ግድግዳው ላይ ሰቅላው የነበረ የደንበኛዋ የሙሽራ ልብስ ተቃጥሏል፤ ሠርጉ እሁድ ነው። ይህን ሲሰሙ እትዬ ዘሃራ ተነሱ። እንዴት እንደተነሱ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ ጃንጥላውን እንኳ አልተደገፉም።

«አብሽሪ፣ አንቺ ልጅ! ቤት ይጠብቃል፤ ሙሽራ አትጠብቅም።»

ጓዳ ገብተው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ባለቤታቸው ከአሰብ ያመጡላቸውን፣ አንድ ቀን እንኳ ያልተቆረጠውን ነጭ ሐር አወጡና አልማዝ ጭን ላይ ጣሉት። አልማዝ መቀሱን ይዛ ስታመነታ፣ «ቁረጪው እንጂ! ሟቹ እኮ እንዲለበስ እንጂ እንዲፈራ አላመጣውም» አሏት። የልብስ መኪናውን ወደ ጓሮ ቤታቸው አስገቡ። ሦስት ቀን ሙሉ አልማዝ ስትሰፋ፣ እሳቸው ሲዘመዝሙ፣ እኔ ከሥራ መልስ ዶቃ ስተክል ሰነበትን። እሁድ ሙሽራዋ በመኪና ስታልፍ ደጃፉ ላይ አስቁማ ወረደች፤ ያ ሐር በፀሐይ ላይ ሲያበራ እትዬ ዘሃራ እልልታውን አቀለጡት።

ከእሳቱ በኋላ ያለውን ወጪ ሁሉ ከራሳቸው ነው የሸፈኑት። ሁለቱን የወርቅ አምባሮቻቸውን ሸጠው ጣሪያውን መለሱ፤ ግድግዳውን ጨረሱ፤ ጭስ ማውጫውን አዲስ አሠሩ። ባዶ እጃቸውን አገላብጠው እያዩ፣ «እጄ ቀለለኝ» ብቻ ነው ያሉት።

የባንኩ ቀነ ገደብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ የማመልከቻ ቅጽ ይዤላቸው ሄድኩ። እየጠየቅኩ እሞላላቸው ጀመር። «ቤቱ ቃጠሎ ደርሶበት ያውቃል?» የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬን ከወረቀቱ አነሳሁ። አቶ ደምሴ ስለ እሳቱ አልሰሙም። ቤቱ በቅርቡ መቃጠሉን ካወቀ ኩባንያው እንደማይቀበላቸው ገምቻለሁ።

«እትዬ፣ ‘አያውቅም’ ብዬ ልጻፈው» አልኳቸው። «ማንም አያውቅብንም።»

«ሰፈሩ በሙሉ ያጠፋውን እሳት?»

«ኩባንያው ማለቴ ነው። ባንኩ ቤቱን ሊሸጥብዎ እኮ ነው!»

ብዕሩን ከእጄ ወሰዱ። አልተቆጡኝም። «ስሚ ልጄ። ውሉን ስታነቢልኝ መድን ማለት መተማመን ነው አላልሽኝም? ዋሽቼ ያገኘሁት ወረቀት ሲቸግረኝ መልሶ ይዋሸኛል። ጻፊ፤ ተቃጥሏል። በማን ስንፍና? በቆርቆሮ ሠሪውና በኔ። በስንት ጊዜ ጠፋ? ሻይ እስኪፈላ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። አቶ ደምሴ ቅጹን ሲያነቡ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ አወለቁ። በማግሥቱ እኔን አስከትለው ሄዱ። ግድግዳውን በጉልበታቸው ገፉት፤ መሰላል ወጥተው ጭስ ማውጫውን ዳበሱት፤ አሸዋው ውስጥ እጃቸውን ከተቱ። ሽኩር ዳቦውን ትቶ እንደ ተከሳሽ ቆሟል።

«ይህን ሁሉ ከእሳቱ በኋላ ነው የሠሩት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ግማሹን በፊት፣ ግማሹን በኋላ» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ሁሉን በፊት ብንጨርስማ እሳትም ባልመጣ።»

አቶ ደምሴ አሸዋውን ከእጃቸው አራግፈው ወደ መኪናው ተመለሱ። እኔ አለቀ ደቀቀ ብዬ ነበር። መንገዱን አጋምሰን፣ «ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስኖር» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ «ያልሰማሁትን እሳት ራሱ የነገረኝ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። ውሉን አዘጋጂ።»

አረቦኑ፣ በየዓመቱ የሚከፈለው ማለት ነው፣ ከፍ አለ፤ ቤቱ ግን ከሐራጅ ዳነ። በዚያው ሰሞን ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሁሉ የመንግሥት ሆኑ። አዲሱን ውል ስወስድላቸው በቢሯችን በር ላይ የነበረው የኩባንያው ስም ተለውጦ ነበር። እትዬ ዘሃራ ማኅተሙን ትክ ብለው አዩት።

«አሁን እንግዲህ ቤቴን የሚጠብቅልኝ መንግሥት ነው ማለት ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አላህ ይስጠው።»

ክረምት ሲገባ የትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ። ከሚኖሩበት ቤት በቀር የሚከራይ ቤት በሙሉ የመንግሥት ሆነ። ሬዲዮውን እንደሰማሁ ቢሮዬን ትቼ ሮጥኩ። አልማዝና ሽኩር ደጃፉ ላይ ቆመው እኔን እንዳዩ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ዘሃራ ውስጥ ነበሩ፤ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። አብሬያቸው ዞርኩ። አዲሱ ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ግንባራቸውን አስደግፈው ቆዩ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብዬ ዞሬ ሳያቸው እንባቸው ይወርዳል፣ ግን እየሳቁ ነው።

«ለካ ሲጠብቅ የከረመው ለራሱ ነው!» አሉኝ። «ደግሞ እኮ አላህ ይስጠው ብዬ መርቄዋለሁ። ይኸው ሰጠው!»

እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ቤቱን ሊመዘግቡ ከቀበሌ የመጡት ሰዎች ባለቤቲቱ ትጮኻለች ብለው ነበር የጠበቁት። እሳቸው ግን አስገብተው አስጎበኟቸው። ጭስ ማውጫው በየወሩ መጠረግ አለበት፤ አሸዋው እርጥብ መሆን የለበትም፤ ኢንሹራንሱ የሚታደስበት ቀን ይኸ ነው፤ ወረቀቱ ይኸውላችሁ። መዝጋቢው ጎረምሳ ብዕሩን አሳረፈ።

«እማማ፣ ይህ ከእንግዲህ የሰፊው ሕዝብ ቤት ነው።»

«ታዲያ የሰፊው ሕዝብ ቤት አይቃጠልም?»

ጎረምሳው ወረቀቱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው፤ እዚያው ቀረ መሰለኝ። የእድሳቱ ቀን ሲያልፍ ማንም አልከፈለምና ቤቱ ኢንሹራንሱን ለሁለተኛ ጊዜ አጣ። የስረዛውን ደብዳቤ አሁንም የተየብኩት እኔ ነኝ፤ አድራሻው ብቻ ተለውጧል።

በወሩ መጨረሻ ልጠይቃቸው ስሄድ ሽኩር ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጭስ ማውጫውን ይጠርጋል፤ እትዬ ዘሃራ ከሥር መሰላሉን ይዘዋል።

«እትዬ፣ ቤቱ እኮ የእርስዎ አይደለም አሁን» አልኳቸው።

«እሳት ካርታ አይጠይቅም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሽኩር ይኖርበታል፣ አልማዝ ትሠራበታለች። የማንም ይሁን፤ ቢነድ የሚነዱት እነሱ ናቸው። ይልቅ መሰላሉን በዚህ በኩል ያዢልኝ።»

እንዲህ እያሉ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ በየወሩ አስጠረጉት። ያ ቤት ዳግመኛ አልነደደም። ሽኩር ዳቦውን፣ አልማዝ ስፌቷን አላቋረጡም። ሰፈርተኛውም እያየ ስቶቩንና ሽቦውን ለእሳቸው ማሳየት ለመደ።

አንድ ዓመት የቀበሌው መጋዘን ተቃጠለ። ስብሰባ ተጠራና፣ የእሳት አደጋ ተጠሪ ይመረጥ ተባለ። አንዱ ከኋላ «እትዬ ዘሃራ!» ብሎ ጮኸ፤ እጅ በሙሉ ወጣ። ያ መዝጋቢ ጎረምሳ በዚያን ጊዜ ሊቀመንበር ሆኖ፣ ሽጉጥ ታጥቆ ነበር የሚሄደው። ቤታቸው የተወረሰባቸውን ሴት መሾም ቢከብደውም ስብሰባው አጨብጭቦ ጨርሷል።

እትዬ ዘሃራ በማግሥቱ ሥራቸውን የጀመሩት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። የሆነውን ያየችው አልማዝ ናት የነገረችኝ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ሳለ ገብተው፣ በምስማር ተንጠልጥሎ የተላላጠውን ሽቦ በጃንጥላቸው ጫፍ ጠቆሙት። የጃንጥላው እጀታ እንጨት ስለሆነ ኤሌክትሪክ እንደማይዛቸው ያውቃሉ።

«ልጄ፣ ይኸ እስኪሠራ እዚህ አትቀመጥም።»

«እማማ፣ ሥራ አለብኝ እኮ።»

«ሥራህማ ይቀጥላል። ጠረጴዛህን ይዘህ ውጣ።»

በዚያ ዘመን ለሊቀመንበር እንዲህ መናገር በዋዛ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። ወረፋ የያዘው ሕዝብ ወደ ሊቀመንበሩ ሽጉጥ አየ። ሊቀመንበሩ ሽቦውን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ ራሱን አከከ። ከዚያ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ያዘና ጠባቂውን «ምን ትገተራለህ፣ በዚያ በኩል አንሳ እንጂ!» አለው። ቀኑን ሙሉ ደጅ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማኅተም ሲመታ ዋለ። እትዬ ዘሃራም በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን በመቀነታቸው ቋጥረው፣ «ኤሌክትሪክ ሠሪው ሲመጣ ጥሩኝ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አልማዝ ይህን በሳቅ እያቋረጠች ነገረችኝና፣ «አየሽ ትርሲት» አለችኝ፣ «ያን ቀን ቀበሌውን የወረሱት እትዬ ናቸው።»